ሎኑን ይከፍሉልሻል፤ የክሊኒኩን አድራሻ ግን ራስሽ አጣሪ

እህቴ፣ «ክሊኒካል ሶሻል ወርከር (የምክር ሕክምና የምሰጥ ቴራፒስት) ነኝ፤ ገጠር ሄጄ ብሠራ የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ሎኔን ይከፍልልኛል የሚባለው እውነት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እውነት ነው። ፕሮግራሙ ናሽናል ሄልዝ ሰርቪስ ኮር ይባላል። ለእኛ ሙያ በሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ እስከ 50,000 ዶላር ይሰጣል፤ የፌደራል ታክስም የለበትም። እኔ ምዕራብ ካንሳስ ሠርቼ ተከፍሎልኛል። ሦስት ነገር ግን ልብ በዪ።

1. ሲትዝን መሆን አለብሽ። ግሪን ካርድ አይበቃም።

2. የተማሪ ሎንሽን ከመኪና ወይም ከክሬዲት ካርድ ዕዳ ጋር አትቀላቅዪ። ከተቀላቀለ ፕሮግራሙ ከዚያ ሎን ምንም አይከፍልልሽም።

3. አድራሻውን አጣሪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በገባሁ በአምስተኛው ወር የክሊኒኩ ኤችአር (የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ) ጠርታ «ከሰኞ ጀምሮ ሌላው ቅርንጫፍ ትገቢያለሽ» አለችኝ። የራሳችን ክሊኒክ ነው ብዬ ሄድኩ። ለካ ፕሮግራሙ የሚያጸድቀው እያንዳንዱን አድራሻ ለብቻው ነው፤ ያ ቅርንጫፍ ደግሞ አልጸደቀም። አራት ሳምንት ከሠራሁ በኋላ ነው ያወቅኩት። ለኤችአሯ ስነግራት ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል «እሱ ያንቺና የመንግሥት ጉዳይ ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

ማታ ውሉን አውጥቼ አነበብኩ። አቋርጦ የወጣ ሰው ላልሠራበት ጊዜ የተሰጠውን ይመልሳል፤ በዚያ ላይ ላልሠራው ለእያንዳንዱ ወር 7,500 ዶላር ከነወለዱ። ጠቅላላው ከ31,000 ዶላር አያንስም። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ለፕሮግራሙ ጽፌ ወደ ቀድሞው ቦታዬ ተመለስኩ። ያ አራት ሳምንት ግን እንደ ቀረሁበት ተቆጠረ። በዓመት መቅረት የሚቻለው ደግሞ 35 የሥራ ቀን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት አባቴ አረፈ። አዲስ አበባ ሄጄ ለአርባው እንኳ ሳልቆይ ተመለስኩ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ሥራውን ግን አልጸጸትበትም። ለአካባቢው ቴራፒስት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥጋ ፋብሪካ የሚሠራ ያገራችን ልጅ ሦስት ወር እንቅልፍ አጥቶ መጣ። በአማርኛ «እንደምን ዋልክ» ስለው አለቀሰ። ጭንቀቱን በአስተርጓሚ መናገር አፍሮ ነበር። ዛሬ ደህና ነው፤ ቤተሰቡንም አምጥቷል።

ሥራ ከመቀበልሽ በፊት ሄልዝ ወርክፎርስ ኮኔክተር የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የመንገዱን ስምና ቁጥሩን ፈልጊ። የክሊኒኩን ስም ብቻ አይተሽ እንዳትቀበዪ። ሌላ ቅርንጫፍ ከላኩሽ አስቀድሞ የፕሮግራሙን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበዪ። «ግድ የለም» ካሉሽ ንቅንቅ አትበዪ። ያሰብሽበትን አድራሻ ጻፊልኝ፤ ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ አብረን እናየዋለን።