ማስተርሱን ከመጀመርህ በፊት የሰው ሀብት ቢሮ ጎራ በል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ሐዋሳ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍንና ባህልን አጣምሮ የሚሰጥ ማስተርስ በኤክስቴንሽን ልጀምር አስቤያለሁ፤ ይጠቅማል ወይ? ያለፋችሁበት ምከሩኝ» ነው ያልከው። ከሥር የሰጡህን አስተያየትም አነበብኩ። ግማሹ «ማኔጅመንት ተማር» ይልሃል፣ ግማሹ «በርታ ጎበዝ» ብሎህ ያልፋል። ማኔጅመንት ተማር የሚሉህ ሰዎች ማኔጅመንት ተምረው ምን እንዳገኙ ብትጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ለማንኛውም እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ እንዳንተው አማርኛ እያስተማርኩ፣ ቅዳሜና እሁዴን ገብሬ የጨረስኩት ሰው ነኝ። ረዘም ካለብህ ይቅርታ።

አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አልፈሃል፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ከመጀመሪያ ዲግሪህ ዩኒቨርሲቲ እንዲላክልህ ጠይቀሃል ብዬ ነው የምነሳው። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብህ እሱን ዛሬውኑ ጀምረው። ሌላው ይደረስበታል።

1. ዲግሪው ላይ የሚጻፈውን ስም አጣራ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ስም ተወው፤ ትምህርት ክፍሉ ሄደህ «ስመረቅ ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» በል። ቃል በቃል ገልብጠው። ከዚያ ያንን ይዘህ መሥሪያ ቤትህ የሰው ሀብት ክፍል ሂድና አሁን ከያዝከው መደብ ጋር ተዛማጅ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ። በማመልከቻ ጠይቅ። ማመልከቻህን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ፣ የአንተ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፍ፣ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበል። «ችግር የለውም፣ ተማር» ብሎ በቃል የሚሸኝህ ሰው ስትመረቅ እዚያ ወንበር ላይ አይኖርም። እኔን እንዲህ ብሎ የሸኘኝ ሰውዬ ስመለስ ተዛውሮ ነበር።

ተመርቄ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ፎቶው ተነስቶ፣ ዲግሪዬን በካኪ ፖስታ ከትቼ የደረጃ ማሻሻያ ልጠይቅ ሄድኩ። የአዲሱ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ሥር የተዛማጅ የትምህርት መስኮች ዝርዝር ተዘርግቷል፣ ጠርዙ ላይ ሻይ ፈስሶበት ቢጫ ሆኗል። ጣቱን ከላይ አስቀምጦ ቀስ እያለ ወረደ። አማርኛ አለ። ታሪክ አለ። ጂኦግራፊ አለ። የእኔ የለም። ከታች ወደ ላይ ደግሞ ወጣ። የለም።

«ይሄ ምንድነው? አማርኛ ነው ታሪክ?»

«ሁለቱም ነው።»

«ሁለቱም የሚባል መደብ የለም።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሱም መሳቃቸው ደስ አለው መሰለኝ ደገመው። ከዚያ ፖስታዬን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ «ቀጣይ» አለ። ዕድሜው የታናሽ ወንድሜ ነው። አንተ አለኝ፣ እኔ እርስዎ እያልኩት። ይሄ እስከ ዛሬ አይወጣልኝም።

መፍትሔው ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ማጻፍ ነው ተባልኩ፤ ፕሮግራሙ ምን ምን ኮርስ እንዳለው፣ ከአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጋር እንደሚዛመድ የሚገልጽ። እዚያ ስሄድ ጸሐፊዋ «ዲግሪ ሰጥተንሃል፣ ሌላ ምን ጎደለህ?» አለችኝ። ኃላፊው አንድ ቀን ስብሰባ ናቸው፣ አንድ ቀን ፊልድ ወጥተዋል። እንደምንም ደብዳቤው ወጣ። ይዤ ስበር ሄድኩ። ሰውዬው ገለበጠው፣ አገላበጠው። ፊርማ አለ፣ ቲተር አለ፣ ማህተም አለ። «ቁጥርና ቀን የለውም» አለኝ። ተመለስኩ። መዝገብ የምትይዘው ልጅ ወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ የመዝገቡ ሳጥን ቁልፍ እሷ ጋ ነው።

በመጨረሻ ጸደቀልኝ። ግን ከጸደቀበት ወር ጀምሮ። ያለፈውን ወደ ኋላ አናስብም ተባልኩ። ያ ሁሉ የደመወዝ ልዩነት ውኃ በላው። አንተ አሁን አንድ ማመልከቻ ብታስገባ ይሄ ሁሉ አይደርስብህም። ለዚህ ነው ትምህርቱ ከባድ ነው ቀላል ነው ከማለቴ በፊት ይሄን ያስቀደምኩት።

2. ሁለት አማካሪ ይመደብልህ ይሆናል። ከሁለት ትምህርት ክፍል ማለት ነው። ሲነግሩህ ክብር ይመስላል።

የእኔ ቴሲስ ስለ ፊቼ ጨምበላላ ነበር። ሐዋሳ ኖረህ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሄደህ ሳታየው አትቀርም፤ ዩኔስኮ በ2008 (በፈረንጆቹ 2015) የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። አፈ ታሪኩ ፊቼ ስለምትባል ሴት ይናገራል። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣለች፣ ከቆጮ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራውን ቡርሳሜ ይዛ፣ ጎረቤትም አብሮ ይበላል። ቀኑን ደግሞ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ከዋክብት አዋቂዎች ሰማይ አይተው ነው የሚቆርጡት፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር አይነግርህም። አንተ የሥነ ጽሑፍ ሰው ስለሆንክ መጀመሪያ የሚታይህ ተረኩ ነው። እኔም ተረኩን ይዤ ገባሁ።

የሥነ ጽሑፉ አማካሪዬ ተራኪው ታሪኩን እንዴት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያቆም፣ ማን ፊት እንደሚያወራው ጻፍ አሉኝ። የታሪኩ አማካሪ «ይህች ሴት መቼ ነው የኖረችው? ማስረጃህ የት አለ?» አሉ። አንዷ አንቀጽ ላይ በአንዱ እጅ «ይስፋፋ»፣ በሌላው እጅ «ይውጣ» ተጽፎባት ተመለሰችልኝ። በቀይና በሰማያዊ። ያቺን ገጽ እስከ ዛሬ አልጣልኳትም። አንዱ የግርጌ ማስታወሻ ይፈልጋሉ፣ ሌላው ምንጩ በቅንፍ የሚጠቀስበትን ኤፒኤ። ማስታወሻውን ሁሉ አውጥቼ በቅንፍ ከከተትኩ በኋላ «የግርጌ ማስታወሻው ወዴት ሄደ?» ተባልኩ።

ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እርስ በርስ አይነጋገሩም እንጂ። አንድ ቀን ሁለቱን ሻይ ጋበዝኳቸውና እፊታቸው ወረቀት አውጥቼ ማን በምን እንደሚወስን፣ አጠቃቀሱ የትኛው እንደሚሆን ጻፍኩ። ፈርሙልኝ አልኩ። ሳቁብኝና ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። አንተ ፕሮፖዛልህን ሳታቀርብ አድርገው። ለተረኩ ዘመን ሊቆረጥለት እንደማይችልም የታሪኩ አማካሪ ራሳቸው ተቀብለው ጥያቄውን አዞሩልኝ፦ ሽማግሌዎቹ ፊቼን ሲያስታውሱ የትኛውን ዘመን አብረው ያስታውሳሉ? እውነቱን ልንገርህ፣ ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ምዕራፍ ከዚያ ነው የወጣው። የውጭ ፈታኙ ዲፌንስ ላይ እሱን ምዕራፍ ነጥለው አመሰገኑት፤ እናቴ ከኋላ ተቀምጣ እልል ልትል ስትል እህቴ ያዘቻት።

ሲዳምኛ ካልቻልክ ደግሞ ከአሁኑ ሰው ፈልግ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ተገልብጦ፣ ተተርጉሞ እስኪያልቅ ቀኑ ይመሻል፤ ለተርጓሚ የሚሆን ገንዘብ ከትምህርት ክፍያው ለይተህ ያዝ።

3. ንባቡን ሐዋሳ ላይ ብቻ እጨርሳለሁ አትበል። ስድስት ኪሎ ያለው፣ በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የድሮ ቴሲሶች አሉበት፤ የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሆነው ወመዘክርም አለ። የድጋፍ ደብዳቤ ሳትይዝ እንዳትሄድ፣ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዘህ በር ላይ መቆም ደስ አይልም። (ደብዳቤው ቁጥርና ቀን እንዳለው እይ። እኔ አሁን ደብዳቤ ሲሰጡኝ ከስሜ በፊት ቁጥሩን ነው የማየው።) በሴሚስተር እረፍት ሂድ። ዘመድ ቤት እደር።

ይጠቅማል ወይ ላልከው፦ ደመወዙን ብቻ ካየህ ቶሎ አይታይህም። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ መምህር ሆኛለሁ። ሥነ ቃል ሳስተምር ድሮ መጽሐፉን አነባለሁ፣ አሁን ልጆቹን አያቶቻቸው ጋ እልካቸዋለሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ስለ ቅርስ መጻፍ የሚችል ሰው ፍለጋ እኔንም ያስደወለ አለ። ማኔጅመንት ተምሬ ቢሆን ማን ይደውልልኝ ነበር?

ኢንቦክስ ካደረግክልኝ ያቺን የትምህርት ክፍል ደብዳቤ የሰዎቹን ስም ሸፍኜ እልክልሃለሁ፤ ለማመልከቻህ አጻጻፉን ታይበታለህ። የሰው ሀብት ቢሮ ስትሄድ ጠዋት ሂድ። ከሰዓት ስብሰባ ነው።