ኦክስጅን ሲቋረጥ የአንጎል ተቀባይን መዝጋት ያድናል?

ጥያቄ፦ ኤንኤምዲኤ የተባለውን የአንጎል ተቀባይ መዝጋት ኦክስጅን ያጡ የነርቭ ሕዋሳትን ከሞት እንደሚያድን አንብቤያለሁ። ታዲያ ለስትሮክ ታማሚ ለምን አይሰጥም? ለመመረቂያ ጥናቴ ልሞክረው አስቤያለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ያነበቡት ትክክል ነው፤ ከ1984 ጀምሮ በሳህን ላይ በሚያድጉ ሕዋሳትና በአይጥ ተደጋግሞ ታይቷል። ኦክስጅን ሲጠፋ የሕዋሱ የኃይል ምንጭ የሆነው ኤቲፒ ያልቃል፣ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፣ ኤንኤምዲኤን የሚያነቃቃው የነርቭ መልእክት ኬሚካል፣ ግሉታሜት፣ በገፍ ይፈስሳል። በደህናው ጊዜ የኤንኤምዲኤን ቀዳዳ የሚደፍነው ማግኒዚየም ቦታውን ሲለቅ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል። ገዳዩ ይኼ ነው። ኤምኬ-801 የተባለው የሙከራ መድኃኒት ቀዳዳውን ይዘጋል።

በሰው ላይ ግን ይህንኑ ተቀባይ የሚያግዱት መድኃኒቶች፣ ሴልፎቴልም፣ አፕቲጋኔልም፣ ጋቬስቲኔልም፣ አልተሳካላቸውም። ግሉታሜቱ የሚፈስሰው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ታማሚው ሆስፒታል ሲደርስ የሚዘጋው በር አስቀድሞ ተከፍቷል። መድኃኒቱን በአምቡላንስ ውስጥ መስጠትም መፍትሔ አልሆነም፤ ውጤቱ በ2015 የታተመው የማግኒዚየም ሙከራ ሕመሙ በጀመረ በ2 ሰዓት ውስጥ ተሰጥቶ እንኳ ለውጥ አላመጣም። ማግኒዚየም ከደም ወደ አንጎል የሚገባው በዝግታ ነው። በዚያ ላይ የመድኃኒቶቹ መጠን ከፍ ሲል ቅዠትና የደም ግፊት መዛባት ይከተላል። ተቀባዩም ጠላት ብቻ አይደለም፤ በሲናፕስ (የነርቭ ሕዋሳት መገናኛ) ላይ ያለው ለሕዋሱ በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል።

ወደ ሙከራዎ ስንመጣ፣ ብዙዎችን ያሳሳተው የሰውነት ሙቀት ነው። ኤምኬ-801 እንስሳውን ያቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ራሱ አንጎልን ይጠብቃል። በጀርቢሎች (አይጥ መሰል እንስሳት) ላይ ሙቀቱ ሳይወርድ እንዲቆይ ሲደረግ የመድኃኒቱ ጥቅም ጠፍቷል። ስለዚህ ሙቀቱን በደም መቋረጡ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላም ለብዙ ሰዓታት 37 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩ። መድኃኒቱን አስቀድመው ከሰጡ ውጤቱ ስለ ታማሚ ብዙም አይናገርም፤ ከጉዳቱ በኋላ የሚሰጠው ቡድን የግድ ይኑር። ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል የማስታወሻ ክፍል፣ ሲኤ1 በሚባለው ቦታ ያሉት ሕዋሳት ዘግይተው፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ፣ ስለሚሞቱ በማግሥቱ መቁጠር ያታልላል፤ ቢያንስ 7 ቀን ይጠብቁ።

በሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት ከሞከሩ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ ያዘጋጁ፤ በ95 በመቶ ናይትሮጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀድመው ያናፍሱት፤ አለዚያ የሟሟው ኦክስጅን ሕዋሱን ያቆየዋል። ለኤምኬ-801 10 ማይክሮሞላር የተለመደ መጠን ነው። የኦክስጅን መቋረጡን ካስረዘሙት ግን ካልሲየም በሌሎች ቻነሎች (የሕዋሱ መግቢያ ቀዳዳዎች) ስለሚገባ ኤንኤምዲኤን ብቻ መዝጋት አያድንም፤ የተለያዩ ርዝመቶችን አስቀድመው ይፈትሹ።