ቪዛው ከወጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በአዲስ አበባ በአንድ የግል ክሊኒክ በነርስነት እሠራለሁ። ለስምንት ዓመታት ከደመወዜ እየቀነስኩ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ለአሥር ወራት ወደ ጀርመን ሄጄ ቋንቋውን በሚገባ ለመማር አስቤያለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ሲወርድ ያለኝ ገንዘብ ስለማይበቃኝ «እግዚአብሔር አትሂጂ እያለኝ ነው» ብዬ ትቼው ነበር። በኋላ ወንድሜ የጎደለውን ሊሞላልኝ ቃል ሲገባ ግን «ተፈቀደልኝ» ብዬ ተነሣሁ። አሁን ቪዛው ከወጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ካልወጣም አይደለም ብዬ ለራሴ ወስኛለሁ፤ ከወጣልኝም ለቅዱስ ሚካኤል ጥላ ላስገባ ተስያለሁ። እናቴ ግን ይህን ያህል ገንዘብ ለቋንቋ ማውጣት ብክነት ነው ትላለች። ኃጢአት ይሆንብኛልን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ስለ አሥራት፣ በባዕድ አገር ስለሚኖርሽ ጾምና ስለ ቅዳሴ የምታውቂውን አልደግምልሽም። በኮሎኝም በፍራንክፈርትም በሙኒክም የተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ስላሉ፣ ማስቀደስ ለፈለገ ሰው መንገዱ ይርቅበት ይሆናል እንጂ በሩ አይዘጋበትም። እኔን ያሳሰበኝ ከገንዘቡም ከጀርመንም ይልቅ «ቪዛው ከወጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ያልሽው ቃል ነው። ይህን ቃል ዲቪ ከሞሉ ወጣቶች፣ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ካወጡ እኅቶች፣ ቤት ለመግዛት ብድር ከጠየቁ ባለትዳሮችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሁሉም በትሕትና ስለሚናገሩት፣ ስሕተት መሆኑን ለመንገር ይከብዳል።

ነቢዩ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሸሽቶ ወደ ኢዮጴ በወረደ ጊዜ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ፤ ዋጋዋንም ከፍሎ ገባ (ዮና. 1፥3)። መርከቧ ነበረች፣ የመሳፈሪያውም ገንዘብ በእጁ ነበረ፤ በእኛ ዘመን ቢሆን ኖሮ «መንገዱ ሁሉ ቀናልኝ» ብሎ ምስጋና ባስነገረ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስን ወደ ሮም በሚወስደው ጉዞም ልከኛ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ መርከበኞቹ «እንዳሰቡት የሆነላቸው መስሎአቸው» ተነሡ (ሐዋ. 27፥13)፤ ጥቂት ሳይቆይ ዐውሎ ነፋስ መታቸው። ነፋሱን ያመኑት ጉዞው ጥፋት እንዳለበት አስቀድሞ የነገራቸውን ሐዋርያ ችላ ብለው ነው። በተቃራኒው ደግሞ ይኸው ጳውሎስ የተሰሎንቄን ምእመናን ሊጎበኝ ደጋግሞ ፈልጎ ሳይሳካለት ሲቀር «ሰይጣን አዘገየን» አለ እንጂ «የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም ማለት ነው» ብሎ አልደመደመም (1ተሰ. 2፥18)። ስለዚህ የተከፈተ በር ሁሉ «ሂድ» አይልም፤ የተዘጋ በር ሁሉም «ቅር» አይልም።

አንዳንዶች በዚህ ጊዜ ጌዴዎንን ይጠቅሱብኛል። ጌዴዎን ግን ጤዛ ቢወርድበት ምልክት ይሆነኛል ብሎ የጠጉሩን ባዘቶ ከመዘርጋቱ በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት በግልጽ ተነግሮት ነበር፤ ምልክቱን የለመነው እምነቱ ስለደከመ ነው፤ እግዚአብሔርም ታገሠው። የታገሠለትን ድካም ለእኛ ሥርዓት አድርገን ልንይዘው አይገባም።

የራስሽን ደብዳቤ እንደ ሌላ ሰው ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢው። ብር የወረደው መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ በመተዉ ነው፤ በዚያ ሰሞን የጾመውም ያልጾመውም፣ ሊሄድ ያሰበውም ጭራሽ ያላሰበውም እኩል ተጎድቷል። አንቺ ግን ለአገር ሁሉ የሆነውን ነገር ለአንቺ ብቻ እንደተላከ መልእክት አነበብሽው፤ ወንድምሽ ቃል ሲገባልሽ ደግሞ መልእክቱ ተለወጠ አልሽ። እግዚአብሔር አንዴ ከልክሎ አንዴ የሚፈቅድ ወላዋይ አይደለም። የምትፈልጊውን አንቺው እየወሰንሽ ፊርማውን በእርሱ ስም ታኖሪያለሽ። ይህን የምልሽ ላሳፍርሽ አይደለም፤ ይህ ነገር የት እንደሚያደርስ ስላየሁ ነው። ሰው እንዲህ ሄዶ ጉዞው ሲከፋበት «እኔ ተሳሳትኩ» ለማለት አይችልም፤ የሚወቅሰው እግዚአብሔርን ነው። ብዙዎች እምነታቸው በስደት አገር የሚቀዘቅዘው ከዚህ የተነሣ ነው።

የቪዛ መኮንን ነቢይ አይደለም። የሚመረምረው በሳምንት ቢያንስ 18 ሰዓት የሚያስተምር ትምህርት ቤት መቀበሉን፣ ለቆይታሽ መኖሪያ የሚበቃ ገንዘብ «ብሎክድ አካውንት» በሚባለው ዝግ ሒሳብ መቀመጡን፣ ለምን እንደምትማሪና ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርጊ የጻፍሽውን ደብዳቤ ነው። ሥራው ይህ ነው፤ በዚህም አይወቀስም። መሄድ ይገባሽ እንደሆነ የመወሰኑን ሸክም ግን እርሱ ሊሸከምልሽ አይችልም።

ታዲያ ፈቃደ እግዚአብሔር በምን ይታወቃል? አብዛኛው የታወቀ ነው፤ እውነት መናገር፣ አባትና እናትን ማክበር፣ ለገንዘብ አለመገዛት ምልክት አያስፈልጋቸውም። ከዚያ ወዲያ ያለው መስክ ሰፊ ነው፤ እግዚአብሔርም አእምሮ የሰጠን በዚህ መስክ እንድንመላለስበት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ «ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን፣ በዚያም ዓመት እንኖራለን» የሚሉትን ሲገሥጽ መሄዳቸውን አልከለከለም፤ «ጌታ ቢፈቅድ» ሳይሉ ነገን በእጃቸው እንዳለ አድርገው መቁጠራቸውን ነው የነቀፈው (ያዕ. 4፥13-15)። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን ይቁጠር ብሏል (ሉቃ. 14፥28)። በዝግ ሒሳቡ የሚቀመጠው በየወሩ እየተለቀቀ ለኑሮ የሚያልቅ ነው፤ የትምህርቱ ክፍያና የአውሮፕላኑ ቲኬት ከዚያ ውጭ ነው። ስትመለሽ የቤት ኪራይሽን ለጥቂት ወራት የሚሸፍን ይቀርሻልን? ክሊኒኩ ቦታሽን ይጠብቅልሻልን? ወንድምሽ የሚሞላልሽ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? በወንድምና በእኅት መካከል ሳይነጋገሩበት የተሰጠ ገንዘብ ስንት ቤተሰብ እንዳቀያየመ አንቺም ታውቂያለሽ።

ቋንቋ መማር በራሱ ብክነት ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ ወደው ባይሆንም የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት ተምረዋል፤ የተከለከሉት ከንጉሡ ማዕድ እንጂ ከንጉሡ ቋንቋ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችንም ለቋንቋ ብሎ ከአገር መውጣትን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከአባትና ከእናታቸው ቤት ተለይተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ወደ ዋሸራና ወደ ዋድላ የወረዱት የቅኔ ተማሪዎች ዓመታት የፈጁት፣ ግሥ እያወረዱ፣ በእናታቸው ጭን ያልሰሙትን ግእዝን ለመማር ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ከየመን መጥተው ግእዝን ተምረው እስከ ደብረ ሊባኖስ እጨጌነት የደረሱት አቡነ እንባቆምም ሁለት ቋንቋ በማወቃቸው መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውልናል። እነዚህ ሁሉ ለምን እንደሚማሩ ያውቁ ነበር። አንቺ ግን በደብዳቤሽ «በሚገባ ለመማር» አልሽ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። መልሱ በነርስነትሽ የተሻለ ለማገልገል ቢሆንም፣ የሕክምና መጽሐፍ ለማንበብ ቢሆንም፣ ቋንቋውን ስለወደድሽው ብቻ ቢሆንም አልነቅፍሽም፤ መልስ ሳይኖርሽ ግን አትነሺ።

በአንድ ነገር ላይ ግን እጠነክርብሻለሁ። ልብሽ «ከደረስኩ በኋላ እዚያው እቀራለሁ» እያለ፣ በወረቀቱ ላይ «ተምሬ እመለሳለሁ» ብለሽ አትፈርሚ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን የተባለው በኤምባሲ ደጅም ይሠራል። ለመቅረት ከሆነ ዓላማሽ፣ ለዚያ በሕግ የተዘጋጀውን የነርሶች የሥራ መንገድ ጠይቂ፤ ቋንቋውንም አዲስ አበባ ባለው የጎተ ተቋም መጀመር ትችያለሽ፤ ወጪውም ያንሳል።

እናትሽን በተመለከተ «ብክነት ነው» ያሉበትን ምክንያት ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። ሰው ምን ይላል ብለው ከሆነ በፍቅር አስረጂያቸው፤ የአንቺን ምርጫ በእርሳቸው ፍርሃት መለካት የለብሽም። መድኃኒታቸውና ቀለባቸው ከአንቺ ደመወዝ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለወላጅ የሚገባውን «ቁርባን» (ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ) ነው ብለው የሚነፍጉትን ጌታ እንዴት እንደገሠጻቸው ታውቂያለሽና (ማር. 7፥11)። የአሥሩን ወር የእናትሽን ወጪ ለይተሽ፣ በወንድምሽ ወይም በምታምኚው ሰው እጅ ሳታስቀምጪ የቪዛ ቀጠሮ አትያዢ።

ስእለትሽን በሚመለከት፣ ለቅዱስ ሚካኤል ጥላ ማስገባትሽ መልካም ነው፤ የተሳልሽውንም አታስቀሪ። የሚታረመው ቪዛውን ዳኛ ማድረግሽ ነው። ይህንንና የወጪውን ዝርዝር ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፤ ከእርሳቸው ጋር ተማክረሽ ውሳኔውን ከቀጠሮው በፊት ወስኚ። መሄድ እንደሚገባሽ ወስነሽ ቪዛው ቢከለከልሽ፣ እንደገና ማመልከት ትችያለሽ፤ እንዳይሆን ወስነሽ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን አታስገቢ።