ስለ ቤሎውስ ጠይቁኝ፦ ጥያቄዎቻችሁ ከነመልሳቸው

ዛሬ ቤቱ ለጥያቄ ክፍት ነው፤ ርዕሳችን ቤሎውስ። ለማታውቁት ባጭሩ፦ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ጥቁር ዕቃ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ መስታወት የለውም። ሥራው ሌንሱን ከሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን ከሚቀበለው ክፍል) ማራቅ ብቻ ነው። ሌንሱ በራቀ ቁጥር ትንሹ ነገር እየጎላ ይመጣል። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ያለኝ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ቤሎውስ ላይ ብገጥመው ስንት እጥፍ ያጎላልኛል?

ወንድሜ፣ ሂሳቡ ቀላል ነው። የዘረጋኸውን ርዝመት ለሌንሱ ቁጥር አካፍለው። ሌንሱን ኢንፊኒቲ (እጅግ ሩቁን የሚያጠራበት ምልክት) ላይ አድርገህ ቤሎውሱን 100 ሚሊሜትር ብትዘረጋ፣ 100 ለ50 ሲካፈል 2 ነው። ነገሩ ሴንሰሩ ላይ ከራሱ መጠን እጥፍ ሆኖ ያርፋል ማለት ነው። 150 ብትዘረጋ 3 እጥፍ።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። በ2 እጥፍ ፍሬሙ የሚይዝልህ 18 በ12 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በ3 እጥፍ 12 በ8 ይሆናል፤ አንዲት የቡና ፍሬ ብቻዋን ፍሬሙን ልትሞላው ትችላለች። ለምሳሌ ፒቢ-6 የተባለው የኒኮን ቤሎውስ ከ48 እስከ 208 ሚሊሜትር ይዘረጋል። ስለዚህ በአንተ ሌንስ ከ1 እጥፍ እስከ 4 እጥፍ ትሄዳለህ። ከ1 እጥፍ በታች ግን አትወርድም፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይገዛና ይበሳጫል።

አንድ ነገር ልብ በል። እዚህ አጭሩ ሌንስ ነው የበለጠ የሚያጎላው። ቴሌ (ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ) የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ግር ይለዋል።

ጥያቄ፦ ሌንሱን ገልብጣችሁ ግጠሙት ሲባል እሰማለሁ። ለምንድን ነው?

ተራ ሌንስ የተሠራው ከፊቱ ሩቅ ነገር፣ ከኋላው ቅርብ ሴንሰር እንዲኖር ታስቦ ነው። ከ1 እጥፍ ስታልፉ ሁኔታው ይገለበጣል፤ የሚነሳው ነገር ቅርብ፣ ሴንሰሩ ሩቅ ይሆናል። ስለዚህ ሌንሱንም መገልበጥ ነው። ሌንሱ ፊት ላይ ባለው የፊልተር ማሰሪያ ጥርስ በኩል የሚታሰር ርካሽ ቀለበት አለ፤ የሌንሳችሁን የፊልተር መጠን አይታችሁ ግዙ። የፎቶው ጠርዝ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ጥያቄ፦ ቤሎውሱን ስገጥም ሁሉም ነገር ጨለመብኝ። ካሜራው ለአንድ ፎቶ 2 ሰከንድ ያስፈልጋል ይለኛል። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ሌንሱ ሲርቅ ያው ብርሃን ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። በ1 እጥፍ ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ነው። በ2 እጥፍ ዘጠነኛው፣ በ3 እጥፍ አሥራ ስድስተኛው እጅ ብቻ ይደርሳል።

ከዚህ የሚከተለው ጣጣ ደግሞ ይብሳል። የኤፍ ቁጥር የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ይነግረናል፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ቀዳዳው ይጠባል። በ3 እጥፍ፣ ሌንሱ ላይ ኤፍ 8 የሚለው በተግባር ኤፍ 32 ሆኗል። ብዙ ቦታ ይጥራልኛል ብለሽ ወደ 16 ብትዘጊው ኤፍ 64 ላይ ደረስሽ ማለት ነው። ያኔ ብርሃን በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ መበተኑ (ዲፍራክሽን) ፎቶውን በሙሉ ያለሰልሰዋል። እኔ ከ2 እጥፍ በላይ ስሄድ ከ5.6 አልዘጋም። በእርግጥ የሚጠራው ቦታ ቀጭን ነው፤ በ3 እጥፍ በኤፍ 8 እንኳ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መፍትሔው ካሜራውን በጥቂት በጥቂቱ ወደፊት እየገፉ ብዙ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር አንድ ላይ ማዋሃድ ነው። ሌላ አቋራጭ የለውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትራይፖድ ላይ አድርጌ በሪሞት ነው የማነሳው። ፎቶው ግን ሁሌም ደብዘዝ ይላል። ሌንሴ ነው?

ሌንስህን ተወው፣ ልጄ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ሌንሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የንቅናቄ ነው። አስበው፤ በ3 እጥፍ ዕቃህ 0.01 ሚሊሜትር ቢነቃነቅ ሴንሰሩ ላይ 0.03 ይሆናል። በ24 ሜጋፒክሰል ፉል ፍሬም አንዱ ፒክሰል 0.006 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ምስሉ አምስት ፒክሰል ተጎተተ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ ማለፉ ይበቃል። ፍሪጅ ሲነሳ ይበቃል። የጣውላ ወለል ከሆነማ አይነሳ።

ውስጡ ተነሺ መስታወት ያለው ካሜራ (ዲኤስኤልአር) ከሆነ፣ ፎቶውን ከማንሳትህ በፊት መስታወቱ ወደ ላይ ከፍ እንዲል አድርገው። የሚነሳውን ነገርና ካሜራውን አንድ ሰሌዳ ላይ እሰራቸው፤ ከተነቃነቁም አብረው ይነቃነቁ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ፍላሽ ነው። ትንሽ ፍላሽ በዝቅተኛ ኃይል ሲተኮስ ብልጭታው ወደ 1/10,000 ሰከንድ ሊያጥር ይችላል። የክፍሉን መብራት አጥፋ፣ ፍላሹን ከነገሩ ጎን አምጣው፣ መሃል ላይ ነጭ ወረቀት ጣል አድርግ። በዚያች ቅጽበት ምንም ነገር ለመነቃነቅ ጊዜ የለውም። መጀመሪያ ይህን ሞክርና ከዚያ ስለ ሌንሱ እናወራለን።

ጥያቄ፦ አዲሱ ሌንሴ የአፐርቸር (የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ) ማስተካከያ ቀለበት የለውም። ቤሎውስ ላይ ይሠራል?

አብዛኞቹ ቤሎውሶች ላይ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ ቀዳዳውን መቆጣጠር ያቅትሃል። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ካሜራው ላይ እያለ የፈለግከውን ቁጥር ምረጥ፣ ካሜራው ላይ ያለውን የጥራት ማያ ቁልፍ (ቀዳዳውን ወደመረጥከው ቁጥር የሚዘጋውን) ተጭነህ እንደያዝክ ሌንሱን ንቀለው። ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። ይሠራል፤ ግን አድካሚ ነው። እኔን ብትሰማኝ ባለቀለበት አሮጌ ሌንስ ግዛ። ከሶቪየቶቹ ዜኒት ካሜራዎች ጋር ይመጣ የነበረው ሄሊዮስ 44 58 ሚሊሜትር ነው፤ ለዚህ ሥራ ምንም አይለውም።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት የምኒልክ ብር አለኝ። ሁለቱንም ገጽ ጥርት አድርጌ ማንሳት እፈልጋለሁ። በ50 ሌንስ ሞክሬ አልገባ አለኝ።

አይገባልሽም፣ እህቴ። ትልቁ ብር ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ነው። በ1 እጥፍ ደግሞ ፍሬምሽ 36 በ24 ብቻ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ግማሽ እጥፍ ነው። ለዚህ ድሮ ፎቶ ቤቶች ነጋቲቭ ያሳድጉበት የነበረው የኢንላርጀር ሌንስ ይስማማሻል፤ የ80 ሚሊሜትሩን ፈልጊ። ጠፍጣፋ ነገር ከዳር እስከ ዳር እንዲያጠራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሳንቲምም ጠፍጣፋ ነው። አብዛኞቹ ባለ 39 ሚሊሜትር ጥርስ ስለሆኑ ለቤሎውስሽ የሚሆን አዳፕተር አታጪም።

ካሜራውን ቁልቁል አድርጊው። ብርሃኑን ከአንድ ጎን፣ ዝቅ አድርገሽ ስጪው። ያኔ የንጉሡ ዘውድና የአንበሳው ጋማ ከብሩ ላይ ብድግ ይላል። ከዚያ የ50ውን መልሰሽ አንበሳውን ብቻ ብታነሺ ሌላ ዓለም ታያለሽ። አደራ፣ ለፎቶው ብለሽ ብሩን እንዳትወለውዪው፤ የተወለወለ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ንብና ጉንዳን ለማንሳትስ?

የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልመክርም። ቤሎውሱን አስተካክለህ ሳትጨርስ ንቧ ሌላ አበባ ላይ ናት። ኤክስቴንሽን ቱቦ (እንደ ቤሎውስ ሌንሱን የሚያርቅ፣ ግን የማይዘረጋ ባዶ ቱቦ) እና ፍላሽ ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

እጥፋቶቹን፣ በተለይ ማዕዘኖቻቸውን። ጨለማ ክፍል ግባ፣ የስልክህን መብራት ውስጡ አብራና ቀስ እያልክ ዘርጋው። ብርሃን የሚያሾልክ የመርፌ ቀዳዳ ካየህ ዋጋ አስቀንስ፤ አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ በጥቁር የጨርቅ ቴፕ ይደፈናል። ቤሎውሱ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ነቅነቅ አድርገው፤ ከላላ ተወው። የካሜራህ መያዣ ወፍራም ከሆነም ከሐዲዱ ጋር እንዳይጋጭ ገጥመህ ሞክረው። ከተጋጨ መሃል ላይ አጭር ቱቦ ማስገባት ይኖርብሃል፤ ያ ደግሞ ትንሹን ማጉላት ከፍ ያደርግብሃል።

ገዝተህ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ውስጡን በደንብ አራግፈው። ቤሎውስ ሲዘረጋና ሲሰበሰብ አየር ይስባል፣ ይተፋል፤ የቆየ አቧራ ካለው በቀጥታ ሴንሰርህ ላይ ነው የሚያራግፍልህ።