የብሬስ ሚኒ ስክሩ ስትነቃነቅ መንጋጋ አጥንት ይጎዳል ወይ?

እህቴ፣ «ታችኛው መንጋጋዬ ላይ የገባችው ሚኒ ስክሩ በሦስተኛው ሳምንት ተነቃነቀች፤ አጥንቴ ተጎድቶ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይዞሽ። ሚኒ ስክሩ ማለት ብሬሱ (ጥርስ ማስተካከያው ሽቦ) ጥርስ ሲስብ እንዲደገፍባት መንጋጋ አጥንት ውስጥ የምትጠመዘዝ ትንሽ ብሎን ናት። ሥራዬ ጥርስ ማስተካከል ስለሆነ በእጄም የደረሰ ነገር ነው።

ብዙ ሰው አጥንቱ በጠነከረ ቁጥር ብሎኗ አጥብቃ ትይዛለች ይላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ታችኛው መንጋጋ ግን ከላይኛው ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ሳለ ብሎን የሚለቅቀው እዚያ ይበዛል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ልጅ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት፣ ወደ አናቷ እየሰፋች የምትሄድ ብሎን በድሪል ቀድሜ ሳልበሳ አስገባሁ። ስትገባ እጄን አደከመችኝ፤ «እንዴት ጥሩ ያዘች!» ብዬ ደስ አለኝ። ወር ሳይሞላ በጣቴ ስነካት ተንቀሳቀሰች። ያ ሁሉ ጥንካሬ አጥንቱን መጨፍለቅ ነበር። ሲጨናነቅ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይወጣዋል፣ ደሙ ይታፈናል፤ ሰውነትም የሞተውን አጥንት ያነሳዋል፣ አዲሱ ሳይበቅል ብሎኗ ባዶ ላይ ትቀራለች። ሙቀትም አለ፦ አጥንት በ47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ ይጎዳል።

ስለዚህ አሁን እንዲህ ባለ አጥንት ላይ ከብሎኗ በጠበበ ድሪል፣ በዝግታ፣ ጨው ውኃ እያፈሰስኩ እበሳለሁ። የመጠምዘዣ ኃይሉ ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሴንቲሜትር ውስጥ እንዲሆን እጥራለሁ። በጥርስ ሥሮች መካከል ከሆነ 1.4 ወይም 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል፤ በጣም ከቀጠነች ትሰበራለች። ከሥሩ ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ካልራቀች ደግሞ በምታኝኪ ቁጥር ሥሩ ይነካትና ትላላለች። ይህን ራጁ ላይ አሳዩኝ በይ። ርዝመቷ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ጥያቄሽ ላይ ልመለስ። ብሎኗ ስትወጣ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ አጥንት ይሞላዋል። ሥር ነክታ ከሆነም ቶሎ ከወጣች ቁስሉ በአብዛኛው ይድናል። እስከዚያ ግን በጣትሽም በምላስሽም አትነካኪያት፤ ዙሪያዋን በለስላሳ ብሩሽ አጽጂ፣ መግል ወይም እብጠት ካየሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። በዚያው ቀዳዳ መልሰው ሊያጠብቋት ካሰቡ «ሌላ ቦታ አይሻልም ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ የላላች ብሎንን እዚያው አጥንት ላይ እንደገና መጠምዘዝ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱም ጊዜ አልያዘልኝም።