ግድግዳው ከመፈልፈሉ በፊት

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ ነኝ። ሦስት ክፍል ያለውን የጭቃ ቤቴን የመብራት ሽቦ ለማዘርጋት ከአንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር በቃል ተስማማሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ሙሉ ክፍያውን ሰጠሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ የሁለቱ ክፍሎች መብራት አንድ ቀን አብሮ ጠፋ። ሠራተኛውን ብጠራው «አምፖሉን ይቀይሩ» ብሎኝ ሄደ። ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ባለሙያ በመለኪያ አይቶ «ሽቦው ልስን ውስጥ ተቆርጧል» አለኝ። ግድግዳውን አስፈልፍዬ ካሠራሁ በኋላ ወጪውን ከመጀመሪያው ሠራተኛ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ መጠየቅ ይችላሉ፤ መሮው ግን ገና አይነሳ። ግድግዳውን አሁን ካስፈለፈሉ የሚፈርሰው ልስኑ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃዎም አብሮ ይፈርሳል።

ውሉ በቃል መሆኑ አያስጨንቅዎ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር የተዋዋዮቹን ስምምነት በቂ ያደርገዋል (አንቀጽ 1719)። ሠራተኛው የተዋዋለውም ሽቦ ለመጎተት አይደለም፤ በአንቀጽ 2610 መሠረት በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለማስገኘት ነው። ውጤቱ ደግሞ የሚበራ መብራት ነው።

የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። ባለሙያው ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ ኃይል አለመኖሩን አረጋግጦ፣ አምፖሉን አውልቆ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በሽቦው ሁለት ዳር ያስነካል። ሽቦው ሙሉ ከሆነ መለኪያው ይጮኻል፤ ቁጥሩም ወደ ዜሮ ኦም ይጠጋል። ከተቆረጠ ዝም ይላል። ይህ ምርመራ መቆረጡን ይናገራል፤ ማን እንደቆረጠው ግን አይናገርም። ተከራካሪዎ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው፦ «መጋረጃ ሲሰቅሉ ምስማር መትተውበት ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በጭቃ ቤት ብርቅ አይደለም፤ ምስማሩ ባሕር ዛፉን ሲፈልግ ሽቦውን ያገኛል። ስለዚህ ሽቦው ባለፈበት መስመር ምስማር መትተው እንደሆነ አስቀድመው ለራስዎ በሐቅ ይመልሱ።

እኔ የማውቀው ሕግ እንጂ ሽቦ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ክፍሎች አብረው መጥፋታቸው ለሁለቱም የጋራ የሆነ መጋጠሚያ ላይ እንድጠረጥር ያደርገኛል። የሽቦ ማገናኛ ሳጥኑ ልስን ሳይነካ ሊከፈት ይችላል። የላላ መጋጠሚያ ከተገኘ የምስማሩ ክርክር እዚያው ያበቃል። ይህንንም ብቻዎን አያስከፍቱት።

መጀመሪያ ለሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት። አንቀጽ 1772 የሚለው ይህንኑ ነው፦ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት አስቀድሞ እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በማስጠንቀቂያው የጉድለቱን ዓይነት፣ መጥቶ የሚያስተካክልበትን ተገቢ ጊዜ፣ እንዲሁም ምርመራው የሚደረግበትን ቀንና ሰዓት ይግለጹ። በዚያ ቀን ሁለት ጎረቤቶች ይገኙ። መርማሪው በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የብቃት ማረጋገጫ ያለው ቢሆን ቃሉ ይበልጥ ይከብዳል። የትኛው ሽቦ ከየት እስከ የት እንደተፈተሸ፣ መለኪያው ያሳየውን ቁጥርና ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት። የቆጣሪውን ማኅተም ግን ማንም አይንካው፤ አለበለዚያ ሌላ ክስ ይመጣብዎታል።

ሠራተኛው መጥቶ ካስተካከለ ጉዳዩ አለቀ። ካልመጣ ለወረዳው ፍርድ ቤት ክስ ያቅርቡና በአንቀጽ 1777 መሠረት ሥራውን በእሱ ወጪ በሌላ ባለሙያ ለማሠራት እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ። ስለ ሕንፃ ሥራ ተቋራጭ የ10 ዓመት ዋስትና (አንቀጽ 3039) ሰምተው ይሆናል፤ ለሁለት ክፍል የመብራት ሽቦ ግን እኔ ክሱን በዚህ ዋስትና ላይ አላቆመውም። አንቀጽ 2610 ይበቃዎታል።

ማስጠንቀቂያውን በሁለት ቅጂ ጽፈው በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲፈርም ያድርጉ። አልፈርምም ካለ፣ ወረቀቱን ሲሰጡት ያዩ ሁለት ሰዎች በእርስዎ ቅጂ ላይ ይፈርሙ።