የቀበና ውሃ በሌዘር ፊት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ፍሎው ሳይቶሜትር ጽፌ ነበር፤ ረቂቅ ተሕዋስያንን አንድ በአንድ በሌዘር ብርሃን ፊት እያሳለፈ ስለሚቆጥረው መሣሪያ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱን መርጫለሁ። ዋጋውን የጠየቃችሁኝ ገዢዎች ካልሆናችሁ ባትሰሙት ይሻላል።

«መምህራችን የቀበናን ወንዝ ውሃ በአጋር (ባክቴሪያ በሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ አብቅለን ባክቴሪያውን እንድንቆጥር አዘዙን። ጓደኛዬ ግን በሌዘር መቁጠር እያለ ይህ ያረጀ ዘዴ ነው ይለኛል።» (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

ጓደኛህ ግማሹን እውነት ይዟል። በአጋር ላይ የሚበቅለው ያቀረብክለት ምግብና ሙቀት የተስማማው ብቻ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ከሚታዩት የወንዝና የሐይቅ ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ ከመቶ አንዱ እንኳ አይበቅልም። አንድ ምግብ ቤት ገብተው የበሉትን ቆጥሮ «የፒያሳ ሕዝብ ይህን ያህል ነው» እንደ ማለት ነው። ሳይቶሜትሩ ምግብ አያቀርብም። ሕዋሳቱ ሳይበር ግሪን በሚባል ከዲኤንኤ ጋር በሚጣበቅ ቀለም ይነከራሉ፤ ከዚያ በንጹሕ ፈሳሽ ተከበው በቀጭን ጅረት በተራ ያልፋሉ። ሰማያዊው ሌዘር ሲያርፍባቸው የሚበተነው ብርሃን ስለ መጠናቸው፣ አረንጓዴው ፍካት ደግሞ ስለ ዲኤንኤያቸው ብዛት ይናገራል። በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ያልፋሉ።

ነገር ግን ቀበና በክረምት ደፍርሶ ሲወርድ አይተሃል። የጭቃው ቅንጣትም ብርሃን ይበትናል፤ አንዳንዱም በራሱ ይፈካል። ተጣብቀው የሚያልፉ አሥር ባክቴሪያዎችም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ናሙናህን ትልልቁን ቅንጣት ብቻ በሚይዝ ማጣሪያ አጣርተህና አቅጥነህ አሳልፍ። ከዚያ በፊት ግን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ የወጣ ውሃ ብቻውን ይለፍ፤ በእርሱ ላይ መሣሪያው የሚቆጥረው ሁሉ ጫጫታ ነው። አጋሩንም አትጣለው፤ የበቀለውን ባክቴሪያ አስቀምጠህ ልታጠናው ትችላለህ፤ በሌዘር ፊት ያለፈው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይሄዳል።

«በግቢያችን ያለው የሮቶ ውሃ ለልጆቼ ደኅና መሆኑን ይህ መሣሪያ በሩብ ሰዓት ይነግረኛል?» (እናት፣ ከፒያሳ)

አይነግርዎትም፣ እናቴ። ንጹሕ የመጠጥ ውሃም ቢሆን በአንዲት ሚሊ ሊትር ውስጥ በሺዎች፣ አንዳንዴም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጉዳት የሌላቸው ሕዋሳት ይኖሩታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ የሰገራ ብክለት ምልክት የሆነው ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም ይላል። ከመቶ ሺዎች መካከል አንዱን ጥፋተኛ መለየት ከዲኤንኤ ጋር ለሚጣበቀው ለዚያ ቀለም አይቻለውም፤ መሣሪያው ይቆጥራል እንጂ ስም አይጠራም። ለውሃ አቅራቢዎች ግን ይጠቅማል፦ የትናንቱ ቁጥር ዛሬ በድንገት ከዘለለ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። ስዊዘርላንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ለመጠጥ ውሃ የሚመከር ዘዴ አድርጋዋለች። እርስዎ ሮቶውን አሳጥበው ይክደኑት፤ የሚጠጣውንም ያፍሉት።

«ሲዲ4 (ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት) የምንቆጥርበት መሣሪያ ለባክቴሪያ አይሆንም?» (የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከካዛንቺስ)

አሠራሩ አንድ ነው። ሆኖም ባክቴሪያ በይዘቱ ከነጭ የደም ሕዋስ በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ለሲዲ4 ብቻ የተሠሩት ትንንሾቹ ቅንብራቸው የተዘጋ ነው፤ አይሆኑም። ቅንብሩ በሚከፈተው ትልቁ መሣሪያ ግን መቁጠሩን በተበተነው ብርሃን ሳይሆን በአረንጓዴው ፍካት እንዲጀምር ካደረጉት ይሆናል።

«የሞተውን ከሕያው ይለያል?» (ከአራዳ)

በከፊል። ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የሚባለው ቀይ ቀለም የሚገባው ሽፋናቸው የተቀደደ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ክሎሪን ሽፋኑን ስለሚጎዳ ሥራው በግልጽ ይታያል። አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ዲኤንኤውን አበላሽቶ ሽፋኑን እንዳለ ይተወዋል፤ በዚያ መንገድ የታከመን ውሃ መሣሪያው «ሕያው ነው» ብሎ ቢያሞኝዎት አይደነቁ።

«ለመሆኑ በዚህ መሣሪያ አዲስ ነገር ተገኝቶ ያውቃል?» (ከለገሃር)

እንዴታ! የባሕር ተመራማሪዎቹ ሳሊ ቺሾልም፣ ሮበርት ኦልሰንና ባልደረቦቻቸው መሣሪያውን በመርከብ ጭነው የውቅያኖስ ውሃ ሲመረምሩ፣ ከመሣሪያው ጫጫታ ጠርዝ ላይ ደካማ ቀይ ፍካት ያላት ፍጥረት አገኙ። ግኝታቸውን በ1988 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ኋላ ፕሮክሎሮኮከስ ተባለች፤ ከአንድ ማይክሮሜትር የምታንስ፣ በፀሐይ ብርሃን ምግቧን ከሚያዘጋጁት ፍጥረታት ሁሉ በቁጥር የምትበልጥ። በማይክሮስኮፕ ስትታለፍ ኖራለች። እንግዲህ የአራት ኪሎው ተማሪ፣ በግራፍህ ግርጌ የተከማቹትን ነጠብጣቦች ቆርጠህ ከመጣልህ በፊት ያንን የተጣራ ውሃ አንድ ጊዜ ደግመህ አሳልፈው።